የገደል ማሚቶና የአፋር ምድር

በመስከረም 16 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ በየአደባባዩ የደመራው ችቦ በሚለኮስበት ዕለት፣ በአፋር ከዳባሁ ተራራ አጠገብ ዳኡሬ በተባለው ስፍራ ምድር ተሰንጥቃ አመድ ስትተፋ፣ ያገሩ አርብቶ አደር አመዱን አየ እንጂ ከእግሩ በታች የተፈጸመውን ዋናውን ነገር ለማየት ለዐይነ ሥጋ አልተቻለውም።

ያን ያየው ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት፣ 800 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍ ብሎ ሲያልፍ ነው። «አየ» ማለቴም ለአነጋገር ያህል ነው፤ የተሸከመው ራዳር ይጣራል፣ መልሱንም ይጠብቃል። የፎቶግራፍ መሣሪያ የፀሐይን ብርሃን ተመጽውቶ ስለሚያድር ሌሊትና ደመና ሲያሸንፉት፣ ራዳር ግን የራሱን የራዲዮ ሞገድ ወደ ምድር ይሰድና፣ እረኛ ከገደል አፋፍ ተጣርቶ የገደል ማሚቶው እስኪመልስለት በቈየው ጊዜ የማዶውን ርቀት እንደሚገምት፣ ከሴኮንድ መቶኛ እጅ በሚያንስ ጊዜ ውስጥ የተመለሰለትን ሞገድ ለክቶ ርቀቱን ያውቃል። በጎን ስለሚመለከትም የረጋ ውሃ ሞገዱን ወደ ሌላ አንሸራትቶ ስለሚሰድበት ጥቁር ሆኖ ይሣላል፤ ሻካራው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ይነጣል፤ ስለዚህም ያልለመደ ሰው ሐይቁን ጕድጓድ ነው ይላል።

ከዚያ ከፍታ ጥርት ያለ ሥዕል ለማንሣት ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም አንቴና ባስፈለገ ነበር፤ የኤንቪሳት አንቴና ግን 10 ሜትር ብቻ ነበር። አሜሪካዊው ካርል ዋይሊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1951 ያፈለቀው ሐሳብ፣ አንቴናው እየተጓዘ በየነጥቡ የተቀበለውን ማሚቶ አጠራቅሞ በስሌት እንደ አንድ ረጅም አንቴና ማድረግ ነበር።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ሌላው ረቂቅ ጥበብ ነው። የኤንቪሳት ሞገድ ርዝመት 5.6 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ሳተላይቱ በተለያየ ቀን በዚያው መንገድ ሲያልፍ የተነሡ ሁለት ሥዕሎች ሲነጻጸሩ፣ ሞገዱ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ፣ መሬቱ ወደ ሳተላይቱ 2.8 ሳንቲ ሜትር በቀረበ ወይም በራቀ ቍጥር አንድ ሙሉ የቀለማት ቀለበት በሥዕሉ ላይ ይወጣ ነበር። በአፋር ሥዕል ቀለበቶቹ እንደ እንጨት ዕድሜ መሥመር ተደራርበው ታዩ፤ ስንጥቁ አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ፣ እንቅስቃሴው ከመጠን አልፎ ስለ ነበረ፣ ተደበላልቀው ጠፉ። ሊቃውንቱ ያን ሁሉ ቈጥረውና አሥልተው ያገኙት፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት ምድር እስከ 8 ሜትር ተከፍታ፣ ክፍተቱንም ከሥር የመጣ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ቅልጥ ዐለት እንደ ሞላው ነው። ከዚያ ሁሉ ወደ ውጭ የወጣው በዳኡሬ የታየው ጥቂቱ ብቻ ነበር።