የምንተነፍሰው አየርና የመርሳት በሽታ

አንድ ሽማግሌ ነገር ሲረሱ «አርጅተው ነው» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን የሰፈራቸው መንገድ የሚጠፋቸው፣ የልጆቻቸውን ስም የሚያምታቱ ከሆነ በሽታ ሊሆን ይችላል። በዕብራይስጥ ዴመንጽያ ይባላል።

«ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት የሰበሰባቸው ሊቃውንት በ2020 እ.ኤ.አ. የአየር መበከልን ለዚህ በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች ጋር ቆጠሩት። በ2024 ደግሞ 14 ምክንያቶችን ዘርዝረው፣ እነዚህ ቢወገዱ ከ100 ሕሙማን በ45ቱ ያህል ላይ በሽታውን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገመቱ።

ጉዳቱ የሚመጣው ዓይን ከማያየው ብናኝ ነው። ከጠጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ያነሰ ስለሆነ በሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ የደም ሥርንና አንጎልን ይጎዳል።

አሽዶድ ወደብ፣ የነዳጅ ማጣሪያና ብዙ የጭነት መኪና ያለባት ከተማ ናት። ይህ ማለት እዚህ የሚኖር ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ብናኝ ከቤታችንም ይነሳል። በጎጆ ቤት ጭሱ በጣራው ሣር ይወጣ ነበር፤ በተዘጋ አፓርታማ ግን መውጫ የለውም።

ስለዚህ፦
• ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ። ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል።
• ዕጣን ሲጨስ መስኮት ክፈቱ።
• አየሩ አቧራ በሆነበት ቀን ሽማግሌዎች ከቤት ባይወጡ ይሻላል።
• የደም ግፊትን፣ ስኳርንና የጆሮ ድካምን ታከሙ፤ እነዚህም ከ14ቱ ውስጥ ናቸው።
• ከፋብሪካ መጥፎ ሽታ ወይም ጭስ ሲመጣ ለአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር በኮከብ 6911 ደውሉ።

እናት ወይም አባት መርሳት ሲያበዙ ወደ ኩፓት ሖሊም ሐኪም አብራችሁ ሂዱ። አስተርጓሚ ጠይቁ እንጂ ሕፃን ልጅ አታስተርጉሙ። መርሳት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሽማግሌን ብቻውን መተው ነው።