ቁሌትና መከለሻ፦ ከሜሳ ቡጊ ማርክ አምፕሊፋየር ጋር መተዋወቅ

የሜሳ ቡጊ ማርክ አምፕሊፋየርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘ ጊታሪስት ብዙውን ጊዜ ማዞሪያዎቹን በሙሉ መሃል ላይ፣ 5 ቁጥር ላይ ያደርጋቸዋል። ለሌላ አምፕ ይህ ደህና መነሻ ነው። ማርክ ላይ ግን የሚወጣው ጭቃ ነው። ወፍራሙ ክር ሲመታ ድምፁ ተሰብስቦ በመውጣት ፈንታ ይንዘፈዘፋል፤ ኮርዱ ውስጥ ያሉት ኖታዎች አይለዩም። እኔም የመጀመሪያ ቀን የገጠመኝ ይኸው ነበር። ጥፋቱ የጊታሩ መስሎኝ ስድስቱንም ክር ቀየርኩ፤ ጭቃው ባለበት ቀረ። ያላወቅኩት የማዞሪያዎቹን ቦታ ነበር።

ቦታ ስል ሳጥኑ ላይ የተደረደሩበትን ማለቴ አይደለም። ሲግናሉ ከጊታሩ ተነስቶ ስፒከሩ ጋ እስኪደርስ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ማን ይቀድማል፣ ማን ይከተላል ማለቴ ነው።

ከጊታር የሚወጣው ሲግናል በጣም ደካማ ነው። አምፑ ውስጥ ካሉት አምፖል መሳይ ቲዩቦች በአንዱ አልፎ ወደ ሌላው እየገባ ይጎለብታል። አንዱ ቲዩብ ከሚችለው በላይ ሲመጣበት የሞገዱ አናትና ግርጌ ይቆረጣል፤ ዲስቶርሽን የምንለው ይህንን ነው። በብዙዎቹ የማርሻል አምፖች ላይ ባስ፣ ሚድልና ትሬብል የሚገኙት ከዚህ ቆረጣ በኋላ ነው። ማርክ ላይ ግን ከቆረጣው በፊት ናቸው። ስለዚህ የማርክ የባስ ማዞሪያ በዋናነት የሚወስነው ከስፒከሩ የሚወጣውን ባስ ሳይሆን ወደ ዲስቶርሽኑ የሚገባውን ነው። የወፍራም ክር ሞገድ ሰፊ በመሆኑ፣ ብዙ ከገባ ቲዩቡን ቀድሞ ይሞላውና ለሌላው ድምፅ ስፍራ ያሳጣዋል።

ወጥ የሚሠራ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። ቁሌት ላይ የገባ ቅመምና ወጡ ሊወርድ ሲል የሚነሰነስ መከለሻ አንድ ዓይነት ጣዕም አይሰጡም። የማርክ ሦስቱ ማዞሪያዎች ቁሌት ላይ የሚገቡ ናቸው። መከለሻው ደግሞ ብዙዎቹ ማርኮች ላይ ያለው ግራፊክ ኢኩዋላይዘር ነው፤ 80፣ 240፣ 750፣ 2200 እና 6600 ኸርዝ የተጻፈባቸው አምስት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ዘንጎች አሉት፤ ሥራውም ከዲስቶርሽኑ በኋላ ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 82 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ፣ የ80ው ዘንግ እጅን በቀጥታ እሱ ላይ ያሳርፋል።

እኔ ለሊድ፣ ማለትም ዲስቶርሽን ላለው ድምፅ፣ የምነሳው ከዚህ ነው፦ ትሬብል 7፣ ሚድል 2 ወይም 3፣ ባስ 1፣ አንዳንዴም ጭራሽ 0። ባስን ዜሮ ማድረግ መጀመሪያ እጅ ይከብደዋል። ግን ዲስቶርሽኑ ወዲያው ይጠራል፤ በቀኝ መዳፍ አፍኖ መምታት እንደ ከበሮ የተለየ ምት ይሰጣል። ከዚያ የጎደለውን ክብደት በ80ው ዘንግ እመልሰዋለሁ፤ አሁን የሚጨመረው ባስ ቆረጣውን አልፎ የመጣ ስለሆነ ምንም አያጨቀይም። ትሬብሉ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ከፍ ሲል ጌይኑም (የዲስቶርሽኑ መጠን) አብሮት ይጨምራል፣ የባስና የሚድል ማዞሪያዎች ደግሞ ጉልበታቸው ይቀንሳል። አንዱ ሲነካ ሁሉም ይነካሉ።

ይህ አሠራር ከየት መጣ? ነገሩ የሚጀምረው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ለሳንፍራንሲስኮ ቅርብ በሆነችው ሚል ቫሊ ነው። ራንዳል ስሚዝ የተባለ አምፕ ጠጋኝ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ፕሪንስተን የምትባለውን ትንሿን የፌንደር አምፕ ከፍቶ ትልቅ አምፕ ውስጥ የሚገኝ ጉልበት አስገባባት፤ ባለ 10 ኢንች ስፒከሯንም በባለ 12 ኢንች ተካው። ጊታሪስቱ ካርሎስ ሳንታና ሞክሯት በመገረም ከተናገረው ቃል «ቡጊ» የሚለው ስም ተገኘ። ቆየት ብሎም ስሚዝ ሊ ማይክልስ ለተባለ ሙዚቀኛ ፕሪአምፕ (የአምፕ የመጀመሪያ ማጎልበቻ ክፍል) ሲሠራ ተጨማሪ የቲዩብ ደረጃ ጨመረበት፤ ደረጃ በደረጃ የሚጎለብተው የማርክ ጌይን የተወለደው ከዚያ ነው። በፌንደር አሠራር የቃና ማዞሪያዎቹ ያሉት ከመጀመሪያው ቲዩብ ቀጥሎ ነው። ስሚዝ አዲሱን ጉልበት የደረበው ከእነሱ በኋላ በመሆኑ፣ ማዞሪያዎቹ እዚያው ፊት ቀሩ። ዛሬ ማርክ ፊት ቆመን ባሱን ዝቅ የምናደርገው ለዚህ ነው።

በማርክ አምፖች ላይ ቻናል፣ ማለትም የድምፅ መስመር፣ በእግር መቀየር የመጣው በማርክ 2 ነው። ከዚህ ዘር በጣም የሚፈለገው ማርክ 2ሲ ፕላስ፣ ሜታሊካ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» አልበም ላይ የሚሰማው ነው። ይህ አምፕ ሁለት ቻናል አለው፤ ባስ፣ ሚድልና ትሬብል ግን አንድ ብቻ ናቸው፣ ሁለቱ ቻናሎች ይጋሯቸዋል። ለሊዱ ሲባል ባስ 1 ላይ ሲሆን ክሊኑ (ዲስቶርሽን የሌለው ድምፅ) ይሳሳል፤ ለክሊኑ ከፍ ሲል ሊዱ ይጨቀያል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ማርክ 5 ግን ለሦስቱም ቻናሎቹ የየራሳቸውን ማዞሪያ ሰጥቷቸዋል። በአሮጌው ላይ የምመክረው ማዞሪያዎቹን ለሊዱ ማስተካከል፣ ክሊኑን ደግሞ ጊታሩ ላይ ባለው መቀየሪያ፣ አንገት በኩል ባለው ፒካፕ ማወፈር ነው።

የኢኩዋላይዘሩን ዘንጎች በተመለከተ ብዙ ሰው መሃሉን ዝቅ፣ ሁለቱን ዳር ከፍ አድርጎ የቪ ቅርጽ ይሠራል። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስጫወት ይህ ድምፅ በጣም ያረካኝ ነበር። ከባንድ ጋር የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ግን ጊታሬ ጠፋ። ታችኛውን ድምፅ ባስ ጊታሩና የከበሮው እግር ያዙት፣ ላይኛውን ሲምባሉ፤ ለጊታር የሚቀረው ስፍራ መሃሉ ነው፤ እኔ ደግሞ ያንኑ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ጆሮም የራሱ ጠባይ አለው፦ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙንና ቀጭኑን አሳንሶ ይሰማል። በዝቅተኛ ድምፅ የተስተካከለ ቪ መድረክ ላይ የሚጋነነው ስለዚህ ነው። የ750ውን ዘንግ ግማሽ ያህል መመለስ ይበቃል።

በእኛ ቅኝቶች ለሚጫወት ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የተመታ ክር ወዲያው ይሞታል፤ ማሲንቆ ግን በደጋን ስለሚጫወት ድምፁን ይዞ ይቆያል። ዲስቶርሽን ደካማውንና ብርቱውን ስለሚያቀራርብ ለጊታር ያንን የመቆየት ዕድል ይሰጠዋል፤ ትዝታ በሊድ ቻናል አንድ አንድ ኖታ ሲወጣ ያምራል። አንቺሆዬ ውስጥ ግን የተጠጋጉ ኖታዎች አሉ። ሁለቱ አብረው ሲመቱ ዲስቶርሽኑ ከመካከላቸው ሦስተኛ፣ የማይፈለግ ጉርምርምታ ይፈጥራል። እዚያ ጌይኑን ዝቅ ማድረግ፣ ወይም አንዱ ክር ዝም ሳይል ሌላውን አለመንካት ነው።

የመጨረሻው ሥራ የሚሠራው በጉልበት ተንበርክኮ ነው። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ቀጫጭኑን ድምፅ የሚወረውረው ቀጥታ ወደ ፊቱ ነው። አምፑ መሬት ላይ ከተቀመጠ፣ ቆሞ የሚጫወተው ሰው ደብዛዛ ድምፅ ይሰማና ትሬብል ይጨምራል፤ ፊት የተቀመጠው ታዳሚ ግን ጆሮውን ይይዛል። ስለዚህ ከዝግጅት በፊት ከበሮ መቺው ምት እንዲጀምር ለምኜ፣ አምፑ ፊት ተንበርክኬ ጆሮዬን ከስፒከሩ ጋር አስተካክላለሁ። ከዚያ ትሬብሉን ትንሽ ዝቅ፣ የ80ውን ዘንግ በጣት ጫፍ ከፍ።