መንዙማ ጽፎ ሕዝብ ፊት የሚቆም ወጣት



ከባሕር ዳር ተነስቶ በዳንግላና በእንጅባራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ መራዊን ያገኛታል። ከተማዋን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሜጫ በቆሎና ጤፍ፣ ኋላም ሰባት ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ በተሠራው በቆጋ የመስኖ ግድብ ነው። ስለ መንዙማ ሲነሳ ግን የሁላችንም ሐሳብ ወደ ወሎ ይሮጣል። መራዊን ማን ያስታውሳታል?

ሆኖም በመራዊም ሆነ በጣና ዳር በባሕር ዳር ሠርግ ሲሠረግ፣ ዐቂቃ ሲታረድ፣ መውሊድ ሲደርስ ድንኳን ውስጥ ከፍ ብሎ የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ቀን ሱቅ የሚጠብቅ፣ ልብስ የሚሰፋ ወይም ትምህርት ቤት የሚውል ወጣት ነው። አሳታሚ ድርጅት የለውም፤ የሙዚቃ ጓድም የለውም። ግጥሙን የሚጽፈው ራሱ፣ ዜማውን የሚያወጣው ራሱ፣ ሕዝብ ፊት የሚቆመውም ራሱ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ወጣት ድካምና ምንዳ፣ እንዲሁም ቤተሰብ ስላለበት ኃላፊነት ይሆናል።

ሥሩ ከየት ነው?

«መንዙማ» የሚለው ቃል የመጣው ከዐረብኛው «ነዝም» ነው፤ ዶቃን በክር ላይ በሥርዓት መደርደር እንደማለት ነው። ቃላትን እንደ ዶቃ ደርድሮ አላህን (ሱ.ወ.) ማወደስ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሶለዋት ማውረድና ሕዝብን መምከር የአገራችን ዑለማዎች ለዘመናት የኖሩበት ሥራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያለፉት የጀማ ንጉሡ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ፣ ከእርሳቸውም በኋላ የዳና ሸኾች ያስተማሩባቸው ቦታዎች እስከ ዛሬ ድረስ በመውሊድና በመንዙማ ይታወሳሉ።

ከእነዚህ አባቶች መካከል የሸኽ ጦልሓ ቢን ጀዕፈር ታሪክ ለወጣት ገጣሚ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1878 በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በተገደደበት ዘመን ሸኽ ጦልሓ ሕዝቡን አስተባብረው ከተቃወሙት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነበሩ። እኒህ ዓሊም የዐረብኛ ሊቅ ሆነው ሳለ በአማርኛ ገጠሙ፤ አማርኛውንም በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም ጻፉት። ለምን ቢባል፣ እረኛውም፣ ገበሬውም፣ ወፍጮ ላይ ያለችው እናትም የሚሰሙት አማርኛ ስለነበረ ነው። ገጣሚ የሚጽፈው ዕውቀቱን ለማሳየት ሳይሆን ሰሚው እንዲገባው መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ይህ ሀብት የወሎ ብቻ አይደለም። ሐረሪዎች በከበሮና በእንጨት ማጨብጨቢያ የሚታጀብ ዚክሪ አላቸው፤ ዚክሪ የሚደምቅበት የሸዋሊድ በዓልም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ወደ ባሌ ድሬ ሸኽ ሑሴን የሚጓዙ ዘያሪዎችም በኦሮምኛ ያወድሳሉ። በካሴት ዘመን ደግሞ የሸኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ድምፅ ከየሱቁና ከየአውቶቡሱ ሲሰማ መንዙማ ሐድራ ገብቶ ለማያውቀው ከተሜ ሳይቀር ደረሰ። የመራዊው ወጣት ወደ ወሎ ሳይሄድ መንዙማን የተማረው በዚህ መንገድ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከብዕር እስከ አንደበት

መንዙማ መጻፍ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአማርኛ ግጥም የራሱ ሚዛን አለው። በብዛት የምንሰማው «የወል ቤት» የሚባለው ስንኝ በስድስት ስድስት ቀለም የተከፈለ ሲሆን «ሰንጎ መገን» ደግሞ በአምስት አምስት ይሄዳል። ይህን ሚዛን ያልጠበቀ ግጥም ወረቀት ላይ ቢያምርም ድቤው ሲመታ ይሰናከላል፤ ተቀባዩም ያልቅበታል ወይም ይተርፈዋል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። «ሙሐመድ ሙስጠፋ» ብለን ብንጀምር የመጀመሪያው ስም ሦስት ቀለም፣ ሁለተኛውም ሦስት ቀለም ስለሆነ ስድስቱ ሳይለፉ ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ «ተስፋ»፣ «ሰፋ»፣ «ጠፋ»፣ «ገፋ» እያሉ ቤት መምታት ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይመጣል። መንገዱ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይሄድበታል፤ በአንድ ምሽት ሦስት ወጣቶች ተራ በተራ ቢቆሙ ሦስቱም «ተስፋ» እና «ሰፋ» ላይ ይገናኛሉ። ጥሩ ገጣሚ የሚለየው ቀላሉን ቤት አልፎ የራሱን አካባቢ ቃል ሲያመጣ ነው። በሜጫ ያደገ ልጅ ስለ ሪዝቅ ሲገጥም ክረምት ጠብቆ የሚዘራ ገበሬን፣ ስለ ተወኩል ሲገጥም በደንገል ታንኳ ጣናን የሚሻገር ቀዛፊን ቢጠቅስ፣ ሰሚው «ይህ የእኛ ነው» ይላል። ለነገሩ የደንገል ታንኳን ጥበብ በጣና ዳር ጠብቀው ያቆዩት ነገደ ወይጦዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች አይደሉምን?

ሌላው የሚረሳ ነገር አዝማቹ ነው። ሕዝቡ አብሮ የሚለው እሱን ስለሆነ አጭር፣ ግልጽና አንዴ ተሰምቶ የሚያዝ መሆን አለበት። ልምድ ያላቸው ገጣሚዎች አዝማቹን አስቀድመው ጽፈው ጨርሰው፣ የቀረውን ግጥም በእሱ ዙሪያ ይሠሩታል። አዝማች ተበላሽቶ ግጥሙ ቢያምር፣ በሩ የጠበበ ቤት ይሆናል፤ ውስጡ ቢያምርም እንግዳ አይገባበትም።

ሕዝብ ፊት መቆም

ደጋግመን በተገኘንባቸው ሠርጎችና የመውሊድ ምሽቶች፣ አንዳንዴም ከተቀባዮች መካከል ተቀምጠን ስናጨበጭብ ያስተዋልነው ነገር አለ። ወጣቱን የሚጥለው ድፍረት ማጣት ብቻ አይደለም፤ ችኮላም ይጥለዋል። ገና ሲነሳ ድምፁን ሰቅሎ ይጀምራል። ድቤው ሲሞቅና ጭብጨባው ሲፋጠን ዜማው በራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ጉሮሮው ይዘጋል። በሳሎቹ ግን ዝቅ ብለው፣ በቢስሚላህና በሶለዋት ቀስ ብለው ይጀምራሉ። ሕዝቡ አዝማቹን እስኪይዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙለታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግጥሙ የሚገቡት።

ሁለተኛው ነገር ተቀባዩን ማንበብ ነው። ጭብጨባው ከላላ ግጥሙ ረዝሟል ማለት ነው። እናቶች እንባቸውን መጥረግ ከጀመሩ ደግሞ ያንን ስንኝ ደግሞ ማለት እንጂ መሮጥ አያስፈልግም። በወረቀት ላይ አርባ ስንኝ የነበረ መንዙማ አንድ ምሽት ሃያ፣ ሌላ ምሽት ስድሳ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ወረቀት ይዘው የማይቆሙት፤ ወረቀት የሚያይ ዓይን ሰውን አያይምና።

ሦስተኛው የመብራት ነገር ነው። ድንኳኑ ውስጥ ማይክራፎኑ ሲጮህ ቆይቶ ድንገት መብራት ይጠፋል። ዲጄ ቢሆን ሠርጉ እዚያ ላይ ይቆም ነበር። መንዙማ ግን የሰው ጉሮሮ፣ መዳፍና ድቤ ብቻ ስለሚበቃው አይቆምም። እንዲያውም ያኔ ነው የሚያምረው፤ ተቀባዩ የራሱን ድምፅ ይሰማል፣ ሕፃናትም ዝም ይላሉ። በድምፅ ማጉያ የተሸፈነ ደካማ ግጥምም ያኔ ይጋለጣል።

«አዝማሪ ልትሆን ነው?»

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ጎንደርና ጎጃም የአዝማሪም አገር ናቸው። ሆኖም በኅብረተሰባችን ዘንድ አዝማሪነት ለረጅም ዘመን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ሲቆጠር ኖሯል። ቃሉ እስከ ስድብነት ደርሷል። ስለዚህ አንድ ልጅ ደብተሩ ላይ ግጥም ሲጭር የተገኘ እንደሆነ ከአባት አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚል ነው።

የወላጅን ሥጋት አናቃልለውም። ሌሊቱን በሠርግ ያሳለፈ ልጅ ፈጅር ሊያመልጠው ይችላል። ትምህርቱም ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ግንባሩ ላይ ብር ሲለጠፍለት ደግሞ ኒያው ይፈተናል፤ ሶለዋቱን ትቶ የሚሸልመውን ሰው ማወደስ ሊጀምር ይችላል። ይህን የተረዱ አንዳንድ ወጣቶች ሽልማቱን ግንባራቸው ላይ አይቀበሉም፤ ባለ ሠርጉ የሚሰጣቸውን በፖስታ ይወስዳሉ ወይም ድቤ መቺውንና ተቀባዮቹን አካፍለው ይለያያሉ። እኛም ይህን መንገድ ወደነዋል፤ የድካም ዋጋ መቀበልና በግጥም ሰው እየካቡ መለመን የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

ግን ልጁን በስድብ ከማስቆማችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። የራሱን ግጥም እንዳይጽፍ የተከለከለ ልጅ ጆሮውን ይዘጋል ወይ? አይዘጋም። የሌላውን ዘፈን ነው የሚሰማው።

ዲናችን ግጥምን እንዴት ያየዋል?

በቅዱስ ቁርኣን ገጣሚዎችን የተመለከተ ሱራ አለ፤ አሽ-ሹዐራእ። በመጨረሻዎቹ አንቀጾች በየሸለቆው የሚዋትቱና የማይሠሩትን የሚናገሩ ገጣሚዎች ይወቀሳሉ። ወዲያው ግን ያመኑት፣ መልካም የሠሩትና አላህን በብዛት ያወሱት ከወቀሳው ይወጣሉ። ከሰሐቦች መካከል ሐሳን ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ.) የነቢዩ ገጣሚ ነበሩ፤ በመስጊድ ውስጥ ሚንበር እንደተዘጋጀላቸውም በሐዲስ ተዘግቧል። ስለዚህ ጥያቄው «ግጥም ይቻላል ወይ?» ሳይሆን «ምን ዓይነት ግጥም?» ነው።

በሙዚቃ መሣሪያ ጉዳይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው። አብዛኞቹ የገመድና የትንፋሽ መሣሪያን ሲያወግዙ ደፍን በሠርግና በዒድ ይፈቅዳሉ፤ በሐድራ መንዙማ ላይም ቢሆን በአገራችን ዑለማዎች መካከል ክርክር አለ። ይህን መቋጨት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ወጣቱ የሚያምነውን ዓሊም ጠይቆ፣ አቋም ይዞ፣ ከእርሱ የተለየውን ሳይሰድብ ቢሠራ ይበቃዋል። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያወድስም እሳቸው ራሳቸው ከከለከሉት ወሰን ማለፍ ይጠንቀቅ።

በዚህ ጥያቄ የተጨነቀ ዝነኛ ሰው ማንሳት እንችላለን። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ካት ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1977 እስልምናን ተቀብሎ ዩሱፍ ኢስላም ተባለ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚሠራና በዓለም የታወቀ ሰው ነበር። በ1979 የመጨረሻ ዝግጅቱን አቅርቦ ጊታሮቹን ለበጎ አድራጎት አስሸጠ፤ በ1983 በለንደን ኢስላሚያ የሚባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። በ1995 ስለ ነቢዩ ሕይወት የሚተርክ ካሴት አወጣ። በ2006 ደግሞ ወደ ዘፈን አልበም ተመለሰ። በመመለሱ የተደሰቱም ያዘኑም ሙስሊሞች አሉ። እኛ የምንወስደው ትምህርት ግን ሰውየው ሲተውም ሲመለስም ጭብጨባ አሸንፎት ሳይሆን አስቦበት መሆኑን ነው።

የድካሙ ዋጋ

በየከተማው የተለመደ አንድ በደል አለ። ወጣቱ በሠርግ ላይ ያዜመው መንዙማ በሰው ስልክ ይቀረጻል፤ በማግስቱ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከሜሞሪ ወደ ሜሞሪ ይገለበጣል። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሰው በራሱ ስም አሳምሮ ያወጣዋል። ባለቤቱ የራሱን ግጥም ሲያዜም «የእገሌን ደገመ» ይባላል!

የአገራችን ሕግ ይህን አይፈቅድም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ወጥ የሆነ ሥራን ከተፈጠረና በጽሑፍ ወይም በድምፅ ከተቀረጸ ጊዜ ጀምሮ ይጠብቀዋል። የአመንጪው መብት በሕይወት ዘመኑና ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ወጣቱ ግጥሙን በደብተር ይጻፍ፤ ቀኑንም ያስፍር። ዜማውን ሕዝብ ፊት ከማቅረቡ በፊት በስልኩ ይቅረጸው። ለሌላ አዚያሚ ሲሰጥ በቃል ሳይሆን በጽሑፍና በምስክር ይስጥ። በወንድማማችነት መካከል ውል መጻፍን እንደ አለመተማመን የምናይ ሰዎች፣ ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለ መጻፍ መሆኑን እናስታውስ።

አማና ነው

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ሲገጥም ብታገኙት ደብተሩን አትቅደዱበት። አንብቡት፤ ቃሉ ትክክል ካልሆነ አርሙት፤ ዲኑን ካልጠበቀ ወደ ኡስታዙ ላኩት። ሴት ልጃችሁም ብትገጥም እንዲሁ ናት፤ በሴቶች መካከል የሚባለው መንዙማ በብዙ ቦታ ያለው በእናቶች ቃል ብቻ ነውና እሷ ካልጻፈችው አብሯቸው ይቀበራል።

ወጣቶች ሆይ! ሸኽ ጦልሓ ማይክራፎን አልነበራቸውም፤ ግጥማቸው ግን ዘመን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደርሷል። የደረሰውም ሕዝቡ አምኖበት ከአፍ ወደ አፍ፣ ከእጅ ወደ እጅ ስላስተላለፈው ነው። እናንተም ነገ ሱብሒን ሰግዳችሁ ስታስቡት የማታፍሩበትን ቃል ዛሬ ማታ ድንኳን ውስጥ ተናገሩ። አላህ ብዕራችሁንና አንደበታችሁን ለኸይር ያድርገው። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።