የልጅዎ ሥዕል ምን ይነግርዎታል?

አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ «ቤተሰቤ» በሚል ርዕስ የሳለችውን ሥዕል ይዛ ከትምህርት ቤት ተመለሰች እንበል። እናት፣ ታናሽ ወንድምና አያት በር ላይ ቆመዋል፤ አባት ግን በሥዕሉ ላይ የለም። አባት ይህን ሲያይ ሊቆጣ ወይም «ልጄ አትወደኝም» ብሎ ሊያዝን ይችላል። ረጋ ብሎ ቢጠይቃት ግን ምናልባት «አባዬ ሥራ ነዋ! ማታ እኛ ስንተኛ ነው የሚመጣው» ትለው ይሆናል። ይህ ናፍቆት እንጂ ጥላቻ አይደለም።

ልጆች በቃላት ሊገልጹት ያልቻሉትን ደስታ፣ ፍርሃትና ሐዘን በሥዕል ሊያወጡት ይችላሉ። በሥዕል የማከም ሙያ መነሻም ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ አድሪያን ሂል የሳንባ ነቀርሳ ታሞ በተኛበት ወቅት ሥዕል መሳል እንደረዳው በማየቱ ሌሎች ሕሙማንን አስተማረ፤ ለሙያውም እ.አ.አ በ1942 ስም አወጣለት። በዚያው ዘመን ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የተባለች ሠዓሊ በቴሬዚን የናዚ ማጎሪያ ውስጥ ለታሰሩ ልጆች ሥዕል ታስተምር ነበር። እርሷም ከተማሪዎቿም ብዙዎቹ በናዚዎች ተገደሉ። ልጆቹ የሳሏቸው የቤት፣ የአበባና የቤተሰብ ሥዕሎች ግን በሻንጣ ተደብቀው ተረፉ፤ 4 ሺህ 500 የሚሆኑትም ዛሬ በፕራግ ሙዚየም ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ሥዕል እንደ ደም ምርመራ ውጤት አይነበብም። ጥቁር ቀለም ያበዛ ልጅ ሁሉ አዝኗል ማለት አይደለም፤ እጁ ላይ የቀረው እርሳስ ጥቁሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዕድሜንም ማገናዘብ ያስፈልጋል። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ከጭንቅላት በቀጥታ እግር የወጣለት ሰው ቢስል ጤናማ የዕድገት ደረጃ ነው። ከ9 ዓመት በኋላ ብዙዎቹ ሥዕላቸውን ከእውነተኛው ነገር ጋር ማነጻጸር ስለሚጀምሩ «አልችልም» ብለው ይተዋሉ። በጉርምስና ዕድሜ ደግሞ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ስለሚበረታ የራስን መልክ፣ ብቸኝነትንና ቁጣን የሚያሳዩ ሥዕሎች መብዛታቸው ብቻውን ሊያስደነግጥ አይገባም።

ታዲያ ወላጅ ምን ማድረግ ይኖርበታል?

• «ይሄ ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «እስኪ ስለ ሥዕልሽ አጫውቺኝ» ይበሉ።
• ትርጉሙን እርስዎ አይስጡ፤ ልጅዎ ሲናገር ሳያቋርጡ ያዳምጡ።
• አያርሙ፤ ከእህት ከወንድም ሥዕል ጋርም አያወዳድሩ።
• ታዳጊው ሥዕሉን ማሳየት ካልፈለገ ደብተሩን በድብቅ አይግለጡ። አመኔታው ከጠፋ ሲቸገር ወደ እርስዎ አይመጣም።
• ውድ ቀለም አያስፈልግም፤ እርሳስ፣ ከሰልና ያገለገለ ወረቀት ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ ሰባት ታዳጊዎች አንዱ የአእምሮ ጤና እክል ያጋጥመዋል። ስለዚህ ሥዕሉን ከባህሪው ጋር አብረው ይመልከቱ። ጉዳት ወይም ሞት በሥዕሎቹ ላይ ሲደጋገም፣ ከዚህም ጋር እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ሲቀንስ፣ ከጓደኛ መሸሽ ወይም የትምህርት ውጤት ማሽቆልቆል ሲታይና ሁኔታው ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ራስን ስለመጉዳት ከተናገረ ወይም ከጻፈ ግን አንድ ቀንም አይጠብቁ፤ ብቻውንም አይተዉት።

ወደ መጀመሪያዋ ልጅ እንመለስ። ሥዕሏ የአባቷን ጥፋት የሚቆጥር የክስ ወረቀት አልነበረም። የሚያስፈልጋት አባቷ አንድ ምሽት ቀደም ብሎ ገብቶ አጠገቧ እንዲቀመጥና «እኔን የት ትስይኛለሽ?» ብሎ እንዲጠይቃት ነው።