«አመሉ ነው» ማስረጃ ይሆናል?

ችሎት የሚከታተሉ ሰዎችን የሚያናድድ ነገር አለ። ምስክሩ ሞቅ ብሎት ሲናገር ጠበቃው ብድግ ይልና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከጭብጡ ውጪ ነው» ይላል፤ ዳኛውም «ይታለፍ» ይላሉ። «እውነቱን እየተናገረ ለምን ያስቆሙታል?» ትላላችሁ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ እውነት መሆኑ ብቻውን ግን አይበቃም።

እንበል አንድ ወጣት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስልክ ሰርቀሃል ተብሎ ተከሷል። «ሰው ተሳስቶብኛል፣ በቦታው አልነበርኩም» ብሎ ክዷል። እንግዲህ የሚያከራክረው ነገር፣ ማለትም ጭብጡ፣ ሌባው እሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው የሚለው ነው። የሌባው ጃኬት ቀለም፣ የመንገዱ መብራት መብራት አለመብራቱ፣ ምስክሯ የቆመችበት ርቀት፣ ሁሉም አግባብነት አላቸው። ጃኬት ብቻውን አያስፈርድም፤ ማስፈረድም አይጠበቅበትም። የተካደውን ነገር በትንሹም ቢሆን የሚያጠናክር ወይም የሚያፈርስ ከሆነ ይሰማል። ምን ያህል ያሳምናል የሚለው በፍርድ ጊዜ ይመዘናል።

አሁን የተከሳሹን መልስ እንቀይረው። «አዎ፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የራሴ መስሎኝ ነው» ቢልስ? ማን እንዳነሳው አልተካደማ! ጃኬቱም መብራቱም ወዲያው ከንቱ ይሆናሉ። የሚፈለገው የሁለቱ ስልኮች መመሳሰል ነው፤ ካነሳ በኋላ ሲም ካርዱን አውጥቶ መጣል አለመጣሉ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 137 በዋና ጥያቄ ምስክሩ የሚጠየቀው ከጭብጡ ጋር ስለተያያዘና በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ስለሚያውቀው ፍሬ ነገር ብቻ ነው የሚለው ለዚህ ነው። ምስክር ከመሰማቱ በፊት «በምን ላይ ነው የሚመሰክርልህ?» ተብሎ ጭብጥ የሚመዘገበውም እንዲሁ።

አስቸጋሪው «ልጁኮ አመሉ ነው፣ ባለፈውም በስርቆት ተፈርዶበታል» የሚለው ነው። ከነገሩ ጋር ጨርሶ አይገናኝም ብሎ መከራከር ይከብዳል፤ ሰው ሲሰማው ጆሮውን ያቆማል። ሕጉ ግን አንቀጽ 138 ላይ፣ በሌላ ሕግ በግልጽ ካልተፈቀደ በስተቀር፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ የቀድሞ ቅጣቱ ለፍርድ ቤቱ እንዳይነገር ይከለክላል። በእኔ እምነት ከአንቀጾቹ ሁሉ ብልሁ ይሄ ነው። እኛ ዘንድ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውን ከዳኞች ተለይቶ የሚወስን ጁሪ የለም፤ ተቃውሞውን የሚወስኑትም ጥፋተኛ የሚሉትም እነዚያው ዳኞች ናቸው። «አይመዝገብ» ቢሉ ከመዝገብ ይቀራል እንጂ ከጆሯቸው አይወጣም።

ስለዚህ ጠበቃው ምስክሩ ሳይመልስ መቃወም አለበት፤ በአንቀጽ 146 መሠረት ፍርድ ቤቱ ወዲያው ይወስናል። ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ግን ያው የቀድሞ ቅጣት ሪከርድ ይመጣል፤ ዐቃቤ ሕግ ለቅጣት ማክበጃ ያቀርበዋል፣ ሪከርዱ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ጠበቃው ማቅለያ አድርጎ ይጠይቅበታል።