ቀጭን ብረት በኪሎ ይረክሳል፤ ከእሳት መከላከያው ጋር ሲደመርስ?

መጋዘን ወይም ባለ ቆጥ ሱቅ የሚያሠራ ነጋዴ ብረት ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው የኪሎ ዋጋና አጠቃላይ ክብደቱን ነው። በዚህ ስሌት ላሜራው ሳይሞቅ ታጥፎ የሚሠራው ሲ እና ዜድ ፐርሊን ለቀላል ጭነት ከወፍራሙ አይ ቢም ያዋጣል። ሆኖም ይህ ስሌት አንድ ወጪ ይጎድለዋል፤ ይኸውም የእሳት መከላከያው ነው።

ብረት ባይቃጠልም ሲሞቅ ጉልበቱን ያጣል። የሚሞቅበትን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው ውፍረቱ ነው። በሁለቱም ገጽ እሳት ሲያገኘው ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ይልቅ በእያንዳንዱ ኪሎ አምስት እጥፍ ገጽ ለሙቀት ያጋልጣል።

ዩሮኮድ 3 የተባለው የአውሮፓ ደንብ፣ ዝርዝር ስሌት ካልቀረበ በቀር፣ የዚህ ዓይነቱ ቀጭን ብረት ሙቀት ከ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ይወስናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው የብረት ሕንፃ ደረጃም መሠረቱ ይኸው ደንብ ነው። በመደበኛው የእሳት ፍተሻ የምድጃው ሙቀት በ5 ደቂቃ 576፣ በ30 ደቂቃ ደግሞ 842 ዲግሪ ይደርሳል። ያልተሸፈነ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ፐርሊን እንግዲህ ገደቡን የሚያልፈው 5 ደቂቃ ሳይሞላው ነው።

ወፈር ያለ ላሜራ መግዛትስ? ቀጭኑ ብረት በ500 ዲግሪ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉ ይቀረዋል። ስለዚህ በአቅሙ ግማሽ ብቻ የተጫነ ቢም እስከዚያ ሊቆም ይችላል። ይሁንና ምድጃው 500 ዲግሪ የሚደርሰው በ3 ደቂቃ ገደማ ነው። ለተጨማሪ ብረት የወጣው ገንዘብ የሚገዛው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ጋልቫናይዝድ መሆኑም አያድነውም፤ ዚንክ ከዝገት ይከላከላል እንጂ በ420 ዲግሪ ገደማ ራሱ ይቀልጣል።

ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያስገኘው ሽፋን ነው። ጂፕሰም ከክብደቱ አምስት አንዱ ያህል ውኃ ነው። ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከቦርዱ ጀርባ ያለው ሙቀት 100 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ለእሳት ተብሎ የሚሠራው ቦርድ ቶሎ ተሰነጣጥቆ እንዳይወድቅ የመስታወት ጭረት ይገባበታል። ሲሞቅ የሚያብጥ ቀለምም አለ፤ ነገር ግን ብረቱ በቀጠነ መጠን ቀለሙ መወፈር ስላለበት ወጪው ይንራል።

ይህ ሁሉ ለየትኛውም ጣሪያ ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ በእንግሊዝ ደንብ ጣሪያ ብቻ ለሚሸከም ብረት የእሳት መቋቋሚያ ደቂቃ በአብዛኛው አይጠየቅም። ሰውና ዕቃ ለሚሸከም ወለል ግን ይጠየቃል። ሸቀጥ የተከመረበት ቆጥም ወለል ነው።

ስለዚህ ገዢው ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይኖርበታል፦ ቀጭኑ ብረት ከነቦርዱና ከነእጅ ዋጋው፣ ወፍራሙ ደግሞ ከነራሱ መከላከያ። ሻጩንም ቢሙና ቦርዱ አንድ ላይ ተፈትነው ስንት ደቂቃ እንደቆሙ የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ ይገባዋል። የብረቱ ብቻ ወረቀት ስለ እሳት የሚናገረው ነገር የለም።