ቧንቧው ለምን ይጮኻል?

ሌሊት ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ «ድም፣ ድም» የሚል ድምፅ ከእንቅልፋችሁ ቀስቅሷችሁ ያውቃል? በአራዳና በፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለኖረ ሰው ይህ ድምፅ እንግዳ አይደለም። ሕፃን ያስለቅሳል፤ በማለዳ ሥራ የምትገባን እናት እንቅልፍ ይነሳል። በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወሩ፣ አንዳንዶች ጩኸቱን እዚያው የተዉት መስሏቸው ነበር። ጩኸቱ ግን ተከትሏቸው ሄደ።

ከሰባ ደረጃ አካባቢ የምትኖር አንዲት የሦስት ልጆች እናት በቅርቡ ያጫወተችኝ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆነኝ። ከመታጠቢያ ቤቱ ቦይለር ሥር ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ልጇን ስላላስተኛት፣ የሚንጠባጠብበትን ትንሽ ቀዳዳ በላስቲክና በጨርቅ አጥብቃ አሰረችው። ለሌላ ሥራ የመጣ የቧንቧ ሠራተኛ ይህን አይቶ ደነገጠ። «እህቴ፣ ቤትሽ ውስጥ ፈንጂ ነው ያስቀመጥሽው» አላት። ስለዚህ የቧንቧን ድምፅ ዝም ከማሰኘታችን በፊት ምን እንደሚነግረን ማወቅ ይገባናል።

የመጀመሪያው ድምፅ ማፏጨትና መትፋት ነው። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ በፈረቃ ሲዳረስ፣ ውሃው በተቋረጠ ጊዜ ባዶ የቀረው ቧንቧ አየር ይሞላል። ውሃው ሲመለስ አየሩን እየገፋ ስለሚመጣ ቧንቧው ያስላል፣ ይተፋል። በብርድ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ቤት ማሞቂያ ብረትም በውስጡ አየር ሲታሰር እንዲሁ ያንጎራጉራል፤ እነርሱ ትንሽ ቁልፍ አዙረው አየሩን ያስወጡታል። እኛም ውሃው ሲመለስ አንዱን ቧንቧ በጥቂቱ ከፍተን አየሩ እስኪወጣ እንጠብቅ። ቀድሞ የሚመጣው ውሃ ዝገት ሊኖረው ስለሚችል ለመጠጥ ሳይሆን ለወለል ማጠቢያ ይዋል። ውሃ በሌለበት ሰዓት ግን ቧንቧውን ከፍታችሁ አትተኙ፤ ሌሊት ሲመጣ ቤታችሁንም የጎረቤታችሁንም ያጥለቀልቃል።

ሁለተኛው ድምፅ ቧንቧ ሲዘጋ የሚሰማው ምት ነው። የሚሮጥ ሰው ድንገት በር ሲዘጋበት ከበሩ ጋር እንደሚላተም፣ በፍጥነት የሚወርድ ውሃም በድንገት ሲዘጋበት ግፊቱ ቧንቧውን ይመታል። የልብስ ማጠቢያ ማሽንም ውሃውን በቅጽበት ስለሚዘጋ ይህንኑ ያደርጋል። ሌሊት ተጠቃሚው ጥቂት ስለሆነ ግፊቱ ይበረታል፤ ምቱም ይጎላል። መፍትሔው ቧንቧውን ቀስ ብሎ መዝጋት፣ በውስጡ ያለችው የጎማ ቀለበት ካረጀች መለወጥ፣ ከግድግዳው የላላውን ቧንቧም በማሰሪያ አጥብቆ ማሰር ነው። ምቱ ለዓመታት ሲደጋገም መጋጠሚያዎችን ያላላል፤ ከዚያ የሚፈሰውን ውሃ ደግሞ ቆጣሪው ይቆጥርባችኋል።

ሦስተኛውና ልብ ልትሉት የሚገባው የቦይለር ድምፅ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ 1 ሊትር ያህል ይጨምራል። ይህን ትርፍ የምታስወጣው ከቦይለሩ ሥር ያለችው የደኅንነት ቫልቭ ናት። ስለዚህ ውሃው በሚሞቅበት ሰዓት ጥቂት ብታንጠባጥብ ሥራዋን እየሠራች ነው። እርሷን መድፈን የሚፈላ ድስት ክዳኑን በድንጋይ እንደ መጫን ነው። ድምፁ ከረበሻችሁ ከአፏ ሥር ቀጭን ቱቦ አድርጋችሁ ውሃው በነፃ ወደ ፍሳሹ እንዲወርድ አድርጉ። ሳታቋርጥ የምታፈስ ከሆነ ግን ባለሙያ ይያት።

ቦይለሩ ሲሞቅ እንደ ፈላ ጀበና የሚንተከተክ ከሆነ፣ በማሞቂያው ብረት ላይ ዝቃጭ ተጋግሮበት ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ ባለሙያ አስጠሩ። ውሃ በጠፋ ጊዜም ቦይለሩን ማጥፋት አትርሱ፤ ውሃ ከውስጡ ጎድሎ ማሞቂያው በባዶ ቢነድ ይቃጠላል። ውሃው ሲመለስ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ ሳይቆራረጥ መውረዱን ካያችሁ በኋላ አብሩት።

ያቺ እናት ጨርቁን በዚያው ቀን ፈታችው። ዛሬ ከቦይለሩ ሥር አንድ ቱቦ አለ፤ ልጇም ይተኛል። እናንተስ? ዛሬ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አንድ ጊዜ ጆሯችሁን አቁማችሁ አድምጡ፤ የታሰረ ነገር ካለም ፍቱት።